ጉጠት፣ መዶሻና ጁኖ

አባቴ ጎንደር ውስጥ አንጥረኛ ነበር። የማርትሬዛ ብር ሲያመጡለት መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጣል ያደርግና ድምፁን ያዳምጣል። ጥርት ብሎ ከጮኸለት ከሰሉን በወናፍ አናፍቶ ያቀልጠዋል፤ መስቀል ወይም ጉትቻ ያወጣለታል። ሰው መስቀሉን ስሞ አንገቱ ላይ ያስራል፤ የሠራውን እጅ ግን «ቀጥቃጭ» ብሎ ይሰድባል። ይህን ስድብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ከሮማ የብር ሳንቲሞች ሁሉ አንዱን አስበልጬ የምወደውም ለዚህ ነው። በወንጌል «ዲናር» እያልን የምናነበው ገንዘብ ነው። ይህኛውን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ያስመታው ቲቶ ካሪሲዩስ የተባለ የሳንቲም ሹም ነው። በአንድ ፊቱ ጁኖ ሞኔታ የተባለችው አምላክ አለች፤ ፀጉሯ ከኋላ ተቋጥሯል፣ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ፣ አንገቷ ላይ ሐብል። ሲገለብጡት መስፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ይገኛል፤ ዙሪያቸውን ለድል አድራጊ የሚደፋው የሎረል አክሊል ከቧቸዋል።

ጁኖና መዶሻ ጎረቤታሞች ነበሩ። የሮማ ገንዘብ የሚመታው በካፒቶሊን ኮረብታ፣ በጁኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ አጠገብ ነበር። ስሟ ለመምቻው ቤት፣ ከዚያም ለገንዘቡ ተረፈ፤ ጣሊያኖች ሳንቲምን ዛሬም «ሞኔታ» ይሉታል። እኛ ደግሞ ገንዘባችንን በማዕድኑ «ብር» ብለን ጠራነው።

ዲናር የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ፣ የካርቴጁ ጦር መሪ ሐኒባል ኢጣሊያን ሲያምስ ነው። 4.5 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። በፊቱ የራስ ቁር የደፋች፣ የከተማዋ አምላክ ሮማ፣ በጀርባው ካስቶርና ፖሉክስ የተባሉት መንትያ አማልክት በፈረስ ሲጋልቡ ይታያሉ። አመታቱን አባቴ ቢያይ አይደንቀውም፤ የታችኛው ቅርጽ መስፉ ላይ ይተከላል፣ ጥፍጥፍ ብሩ በላዩ ይቀመጣል፣ የላይኛው ቅርጽ ተደግፎ በመዶሻ ይመታል። እጅ ትንሽ ከሳተ የአምላኩ ራስ ወደ ዳር ይሸሻል።

እ.ኤ.አ. በ64 ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮ የዲናሩን ክብደትም ጥራትም ቀነሰ። ሁለት መቶ ዓመት ሲሞላ በሮማ «ብር» ውስጥ የቀረው ብር ከመቶ 5 እጅ አይሞላም ነበር፤ መዳቡ ስስ ብር ለብሶ ይወጣል። አማልክቱ ግን ከነክብራቸው እዚያው ላይ ነበሩ። አባቴ ድንጋይ ላይ ቢጥለው ምስሉ አያታልለውም ነበር።

በካሪሲዩስ ዲናር ላይ የሹሙ እንጂ የመቺዎቹ ስም የለም። መሣሪያቸው ግን አክሊል ደፍቷል። የአባቴ ጉጠት ዛሬ እኔ ቤት ነው። ልጆቼ አያታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠይቁኝ፣ የዚያን ዲናር ፎቶ ከጉጠቱ ጎን አስቀምጬ አሳያቸዋለሁ።