ዕረፍት ሰዓት ላይ የተወለደው ቋንቋ

ዛሬ አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩ ኒካራጓ ነው፣ መካከለኛው አሜሪካ። እዚያ እስከ 1970ዎቹ መስማት የተሳነው ልጅ በአብዛኛው ቤት ውስጥ ነበር የሚያድገው። ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ጋር ራሳቸው በፈጠሩት ምልክት ይግባባል። ከደጅ ሲወጣ ግን የሚያናግረው የለም።

በ1977 ዋና ከተማዋ ማናጓ ውስጥ ልዩ ትምህርት ቤት ተከፈተና 50 የሚሆኑ ልጆች ገቡ። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ደግሞ ለታዳጊዎች የሙያ ትምህርት ቤት ተጨመረ። በ1983 በሁለቱ ከ400 በላይ ተማሪዎች ነበሩ።

መምህራኑ የሚያስተምሩት ከንፈር ማንበብና ስፓኒሽ መናገር ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ምንም አልያዛቸውም። ዕረፍት ሲሆን ግን ግቢው ውስጥ፣ ወደ ቤት ሲሄዱም አውቶቡስ ላይ፣ እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣውን ምልክት ያወጣል፤ አንዱ ከሌላው ይወስዳል። በጥቂት ዓመታት የጋራ ሆነ። ከኋላ የመጡት ትንንሾቹ ከታላላቆቻቸው ተቀብለው ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ አደረጉት።

መምህራኑ ልጆቹ ምን እንደሚባባሉ መረዳት ስላቃታቸው፣ በ1986 ጁዲ ኬግል የምትባል አሜሪካዊት የቋንቋ ምሁር ተጠራች። ያ ቋንቋ ዛሬ የኒካራጓ ምልክት ቋንቋ ይባላል። ቤት ለቤት ተበትነው የነበሩትም ሰዎች አንድ ማኅበረሰብ ሆኑ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ተማሪዬ ትዝ ይለኛል። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ነበር። ፊት ወንበር አስቀመጥኩት፣ ከሰሌዳ ይገለብጣል፤ የረዳሁት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ዕረፍት ላይ አጥሩ ጥግ ብቻውን ቆሞ አየሁት፣ ያ ሁሉ ተማሪ ግቢውን ሞልቶት። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ቀረ። የት ገባ ብዬም አልጠየቅኩም።

አሁን ሲገባኝ፣ ያ ልጅ የጎደለው የፊት ወንበር አልነበረም። እንደሱ ያለ ሌላ ልጅ ነው የጎደለው።

በሰፈራችሁ ቤት የተቀመጠ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ እባካችሁ ቤተሰቡን አነጋግሩ። በምልክት ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ያሉበት ቦታ ፈልጉለት። እናንተም ሰላምታውን እንኳ ተማሩ። እኔ ዘግይቼም ቢሆን ጀምሬያለሁ፤ ጣቶቼ ገና አልታዘዙልኝም።