ከቢጫ ካርድ እስከ ላፕቶፕ፦ የሙያ ኢንሹራንስ ከየት መጣ?

በመኪና ሞያሌን የተሻገረ ነጋዴ ሁሉ ቢጫ ካርድን ያውቃል። መኪናችን ኬንያ ገብታ ሰው ብትጎዳ ወይም የሰው ንብረት ብታበላሽ ካሳውን የሚሸፍንልን እሱ ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ፤ በ1987 ሥራ ጀመረ። ከዚህ ካርድ አንድ ነገር ተምረናል፦ በራሳችን ላይ የሚደርስ ጉዳት ሌላ፣ እኛ በሰው ላይ የምናደርሰው ጉዳት ሌላ።

ይህን ዛሬ ያነሳነው ስለ ልጆቻችን ብለን ነው። ናይሮቢ ውስጥ በግላቸው ኮንትራት እየያዙ ዌብሳይት የሚሠሩ፣ የሱቅ ሲስተም የሚዘረጉ ብዙ የሐበሻ ልጆች አሉ። ኢስሊ ካሉት ሱቆቻችን በአንዱ እንዲህ ያለ ልጅ አዲስ ሲስተም አስገባልን። የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ ሲያዛውር የዱቤ ሒሳባችን ጠፋ፤ ኮፒም አላስቀረም። በቃል ያስታወስነውን ሰበሰብን፤ የቀረው ቀረ። ልጁ የሚከፍለው አልነበረውም፤ እናቱም የእድራችን አባል ናቸው። እንዳንከሰው የእኛው ልጅ ነው፤ እንዳንተወው ከጠፋው ውስጥ የሰው ገንዘብ አለበት። በሽማግሌ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲከፍል ተስማማን። እሱም ተጎዳ፣ እኛም ተጎዳን።

እድር ቤታችን ሐዘን ሲገባ ይደርስልናል። ደንበኛ ለሚጠይቀን ካሳ ግን አይከፍልም። ለዚህ የሚሆነው የሙያ ኢንሹራንስ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከነጋዴ ነው።

በ1680ዎቹ ለንደን ውስጥ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች በኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት እየተሰበሰቡ የባሕር ጉዞን አደጋ ይከፋፈሉ ነበር። የዛሬው ሎይድስ የወጣው ከዚያ ነው። በአገራችንም በምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። ይህ ሁሉ ግን የራስን ንብረት ለማዳን ነው።

በሙያ ስህተት ሌላውን ማክሰር እንደሚያስጠይቅ ካሳዩት ፍርዶች አንዱ የ1963ቱ የእንግሊዝ ፍርድ ነው። ሔድሊ በርን የተባለ የማስታወቂያ ድርጅት አንድ ደንበኛው ለዱቤ ይታመን እንደሆነ በባንኩ በኩል የደንበኛውን ባንክ ጠየቀ። ባንኩ ይታመናል የሚል መልስ ሰጠ። ደንበኛው ከሰረ፣ ድርጅቱም ከ17,000 ፓውንድ በላይ አጣ። ባንኩ ኃላፊነት እንደማይወስድ አስቀድሞ ጽፎ ስለነበር ከክፍያ ዳነ። ዳኞቹ ግን በሙያው የታመነ ሰው በቸልተኝነት በሰጠው ቃል ለደረሰ ኪሳራ ሊጠየቅ እንደሚችል አስረዱ። ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ይህን ለመረዳት ጠበቃ አያስፈልገውም።

ኬንያም በ2004 ባወጣችው ደንብ በግላቸው የሚሠሩ ጠበቆች የሙያ ኢንሹራንስ እንዲገቡ አስገድዳለች። የኮምፒውተር ሙያተኛን ግን እንዲህ የሚያስገድድ ደንብ የለም፤ ዕዳው ግን አለ። በ2007 ኤም-ፔሳ ከመጣ ወዲህ ገንዘባችንም የደንበኞቻችን ስምና ቁጥርም በሲስተም ውስጥ ገብቷል። በ2019 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ መረጃው በአግባቡ ባለመያዙ የተጎዳ ሰው ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ቅጣቱም እስከ 5 ሚሊዮን ሺሊንግ ሊደርስ ይችላል። ተጠያቂው ባለሱቁ ብቻ አይደለም፤ መረጃውን በእሱ ስም የሚያቀናብረውም ጭምር ነው።

የሙያ ኢንሹራንስ ከመኪና ኢንሹራንስ የሚለይባቸውን ነገሮች ልብ እንበል። አንደኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ስህተቱ የተሠራበት ቀን ሳይሆን የካሳ ጥያቄው የመጣበት ቀን ነው። ሥራው አልቋል ብሎ አረቦን መክፈል ያቆመ ልጅ፣ ደንበኛው በዓመቱ ቢጠይቀው ባዶ እጁን ይቆማል። ሁለተኛ፣ ውሉ ወደ ኋላ እስከ የትኛው ቀን የተሠራን ሥራ እንደሚሸፍን ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ጥፋት አይሸፈንም፤ የመንግሥት ቅጣት ይሸፈን እንደሆነ ደግሞ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል። አራተኛው ለእኛ ባህል ይከብዳል። ስህተት ሲደርስ ቶሎ ብለን ጥፋቱን አምነን እንከፍላለን እንላለን። ኩባንያው ሳያውቅ እንዲህ ብለን ቃል ከገባን ግን ካሳውን ሊከለክለን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለኩባንያው ማሳወቅ ነው።

ይህ የልጆቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛም ሥራ ስንሰጣቸው ዋጋ እየቀነስን አረቦኑን የሚከፍሉበትን እንወስድባቸዋለን። ሱቃችን ላይ የደረሰው ይህን አስተምሮናል። አሁን ሲስተም ከማስነካታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ ኮፒው የት ነው? ኢንሹራንስህስ? ከሌለው አንመልሰውም፤ አረቦኑን ከሥራው ዋጋ ጋር አብረን እናስበዋለን።