ጥቅል ጎመን በሥነ ሥዕል ታሪክ

በአውሮጳ ለብዙ ዘመናት ሊሣሉ ይገባቸዋል ተብለው የሚታሰቡት ቅዱሳን፥ ነገሥታትና የጦር አበጋዞች ነበሩ። ጎመንና ኪያር የጓዳ ጉዳይ እንጂ የሠዓሊ ጉዳይ አልነበሩም፤ ቢሣሉም ለሌላ ትዕይንት ማሟያ ያህል ነበር።

ይህን ልማድ በጉልህ ከተሻገሩት አንዱ ስፔናዊው ሁዋን ሳንቼዝ ኮታን ነው። በቶሌዶ ከተማ ይሠራ የነበረው ይህ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1602 ገደማ ባዘጋጀው ሥዕል፥ አንድ ፖም መሰል ቢጫ ፍሬና አንድ ጥቅል ጎመን በክር ተንጠልጥለው፥ ከበታቻቸው በመስኮት ደፍ ላይ የተቆረጠ ሜሎንና ኪያር ተቀምጠው ይታያሉ። ከኋላቸው ድቅድቅ ጨለማ ብቻ ነው። የኪያሩ ጫፍ ደፉን አልፎ ወደ ተመልካቹ ይወጣል። ነገሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቅስት ጐብጠው ስለሚወርዱ፥ ዓይን ከፍሬው ተነሥቶ በጎመኑ በኩል ኪያሩ ዘንድ ሳይደርስ አያርፍም። ለክሩ ምሥጢራዊ ትርጉም ሊሰጡት የሚሞክሩ ተቺዎች አሉ፤ ሆኖም ምግብ እንዳይበላሽ አንጠልጥሎ ማቆየት የዘመኑ ጓዳ ልማድ ነበር። ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው፥ በጎመኑ ቅጠል ላይ ያረፈው ብርሃን በቅዱሳን ፊት ላይ ከሚያርፈው የማያንስ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 ሠዓሊው ቶሌዶን ትቶ ሥጋ ከማይበሉት ከካርቱዚያን መነኮሳት ጋር ተቀላቀለ።

ከዚያ በኋላ ደረጃ አውጪዎች መጡ። አንድሬ ፌሊቢየን እ.ኤ.አ. በ1667 በፓሪሱ ንጉሣዊ አካዳሚ የተደረጉትን ንግግሮች ሲያሳትም በጻፈው መቅድም፥ ፍራፍሬና አበባ የሚሥለውን ከታች፥ የሰውን ልጅ የሚሥለውን ከላይ አስቀመጠ። በዚህ ሚዛን የሚለካው የእጁ ጥበብ ሳይሆን የተሣለው ነገር ማዕረግ ነበር። የሽንኩርትና የመዳብ ድስት ሠዓሊ የሆነው ታላቁ ሻርደን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1728 አካዳሚው የተቀበለው በእንስሳትና በፍራፍሬ ሠዓሊነት ነው።

ሚዛኑ በ19ኛው መቶ ዓመት ላላ። ኤድዋር ማኔ እ.ኤ.አ. በ1880 አንድ እስር አስፓራገስ ሥሎ ለሻርል ኤፍሩሲ በ800 ፍራንክ ሸጠ። ገዥው ግን 1000 ፍራንክ ላከ። ማኔም ለትርፉ ገንዘብ ምላሽ አንዲት አስፓራገስ ብቻ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጋደም ያለችበትን ትንሽ ሥዕል ሠርቶ፥ ከእስሩ አንዷ ጎድላ ነበር ሲል ላከለት። እስሩ ዛሬ በኮሎኝ ከተማ፥ ነጠላዋ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛሉ።