ዑመር ኢብን ሰዒድና የፈየትቪል ከተማ ታሪክ

በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በኬፕ ፊር ወንዝ ዳር የምትገኘው ፈየትቪል ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1783 ለፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋዬት ክብር ነው። የግዛቲቱ ተወካዮች የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያጸደቁት በ1789 በዚህችው ከተማ ተሰብስበው ነበር። በ1831 ታላቅ ቃጠሎ ካወደማት በኋላ የተሠራው የገበያ አዳራሽ ዛሬም በመካከሏ ይታያል፤ በዚያ ስፍራ ከሸቀጡ ጋር የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር። የከተማዪቱ ታሪክ ሲወሳ እነዚህ በቀዳሚነት ይነሣሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከተማዪቱ በተቃጠለችበት በዚያው ዓመት፣ በባርነት ሳሉ የሕይወት ታሪካቸውን በዐረብኛ የጻፉትን ዑመር ኢብን ሰዒድን ነው።

ዑመር በ1770 ገደማ ዛሬ ሴኔጋል በምትባለው አገር፣ በፉታ ቶሮ ተወለዱ። ራሳቸው እንደጻፉት ለ25 ዓመታት ዒልም ቀስመዋል፤ ከመምህራኖቻቸውም ወንድማቸውን ሸይኽ ሙሐመድ ሰዒድን፣ ሸይኽ ሱለይማን ኪምባንና ሸይኽ ጂብሪል ዐብዳልን በስም ይጠቅሳሉ። በ1807 ታላቅ ጦር አገራቸውን ወርሮ ብዙ ሰው ገደለ፤ እርሳቸውም ተማርከው ወር ተኩል ያህል በባሕር ከተጓዙ በኋላ በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርለስተን ወደብ ተሸጡ። ባሪያን ከውጭ ማስገባትን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ ሊጸና የቀረው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር።

ጆንሰን የተባለው ገዢያቸው አላህን የማይፈራ ክፉ ሰው ስለነበር ከእጁ አመለጡ። ከአንድ ወር ያህል መንከራተት በኋላ ሶላት ለመስገድ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ በዚያም ተይዘው በጽሑፋቸው «ፈይደል» ወዳሏት ፈየትቪል ተወሰዱና 16 ቀንና ሌሊት ታሰሩ። በእስር ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል በዐረብኛ መጻፋቸው የከተማውን ሰው እንዳስደነቀ በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትረካ ያወሳል። ከዚያ በኋላ በጄኔራል ጄምስ ኦወን ባለቤትነት ሥር ዋሉ። የጄኔራሉ ወንድም ጆን ኦወን ኋላ የግዛቲቱ ገዢ ሆኗል።

ዑመር በፈየትቪል የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ጸሐፍት «አጎት ሞሮ» እያሉ ስማቸውን ለውጠው፣ እስልምናን ፈጽሞ የተወ ደስተኛ አገልጋይ አድርገው አቀረቧቸው። የእጅ ጽሑፎቻቸው ግን ከዚህ ሥዕል ጋር አይስማሙም።

በ1819 በጻፉት ደብዳቤ የቁርኣን አንቀጾችን እያፈራረቁ በአፍሪካ ምድር፣ በአገራቸው፣ መታየት እንደሚሹ ገልጸዋል። የ1831ዱ የሕይወት ታሪክ በአላህ ስምና በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ላይ በሚወርድ ሶለዋት ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ሱረቱል ሙልክ ነው። ሱራው ንግሥናና ባለቤትነት ሁሉ በአላህ እጅ መሆኑን በማወጅ ይከፈታል። በሰው ባለቤትነት ሥር የሚኖር ዓሊም ከሱራዎች ሁሉ ይህን መምረጡን እንዲያው እንደ አጋጣሚ ማለፍ ይከብዳል። በ1857 የጻፉት አንድ ገጽ ደግሞ «የጌታ ጸሎት» የሚል መግለጫ ተለጥፎበት ለዘመናት ተቀመጠ፤ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ግን ሱረቱን ነስር ሆኖ ተገኘ።

ይህ ማለት ግን ጉዳዩ ያለ ጥያቄ ተቋጭቷል ማለት አይደለም። በዚያው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ዑመር ቀድሞ በሱረቱል ፋቲሓ ይጸልዩ እንደነበርና አሁን በክርስቲያኖች ጸሎት እንደሚጸልዩ ጽፈዋል፤ የኦወንንም ቤተሰብ ያመሰግናሉ። አንባቢ ይህን መደበቅ የለበትም። ሆኖም ጽሑፉ በባሪያ ፈንጋዮቹ ዓይን ሥር መጻፉንም መዘንጋት አይገባም። ሱረቱን ነሕል፣ አንቀጽ 106፣ ልቡ በእምነት የረጋ ሆኖ ሳለ የተገደደን ሰው ከተወቃሾች ለይቶ ያስቀምጣል። የልብን ምስጢር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነውና እኛ በዑመር ኢማን ላይ ብይን አንሰጥም፤ ጌቶቻቸው የሰጡትን ብይንም እንደ ማስረጃ አንቀበልም።

ዑመር በ1863 ገደማ በባርነት ሳሉ አረፉ። የሕይወት ታሪካቸው ለረጅም ዘመን ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ1995 በቨርጂኒያ ከአንድ ሣጥን ውስጥ ተገኘ፤ ከ2017 ጀምሮ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በአሜሪካ በባርነት የነበረ ሰው በዐረብኛ ከጻፋቸው የሕይወት ታሪኮች እስከ ዛሬ የሚታወቀው እርሱ ብቻ ነው። በፈየትቪል፣ በመርቺሰን መንገድ፣ በስማቸው የተሰየመ መስጂድ አለ፤ በአቅራቢያውም በ2010 የታሪክ ምልክት ቆሞላቸዋል።

ለመምህራንና ለኢማሞች ከዚህ የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ያ የ1857 ገጽ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በብዙ እጅ አልፏል፤ ሦስት አንቀጾች ብቻ ያሉትን አጭር ሱራ የሚለይ አንባቢ ባለመኖሩ ግን በሐሰት ስም ተቀመጠ። በአገራችን ቁርኣን ቤቶች ሕፃናት በሉሕ ላይ ከሚጽፏቸው የመጀመሪያ ሱራዎች አንዱ ይኸው ነው። በየመስጂዶቻችንና በየቤቱ የተቀመጡ የእጅ ጽሑፎችም በኅዳጋቸው የማን ስም፣ የየትኛው ሸይኽ ትምህርት እንደተጻፈባቸው አንብቦ የሚመዘግብ ይሻሉ። ይህን ሥራ ፊደሉን የሚያውቁት ካልሠሩት፣ ፊደሉን የማያውቅ ሰው የለጠፈው መግለጫ የእኛም ታሪክ ሆኖ ይቀራል።