ምድር (የአካባቢ ስያሜ)

ምድር በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በመንዝ፣ ከሰው ስም ቀጥሎ እየገባ የአንድን አካባቢ ክልል የሚያመለክት ቃል ነው። ጌራ ምድር፣ ማማ ምድርና ላሎ ምድር የታወቁት ምሳሌዎች ናቸው። ዛሬ ሦስቱም የወረዳ ስሞች ቢሆኑም ስያሜያቸው ወረዳ የሚባለው የአስተዳደር እርከን ከመዘርጋቱ በፊት የነበረ ነው።

የቃሉ ምንጭ

ቃሉ የግዕዝ ሲሆን መሬት፣ አገር፣ ግዛት ማለት ነው። በጥንታዊው የደቡብ ዓረብ የሳባ ጽሑፎችም ም-ድ-ር የሚለው ሥር ለመሬትና ለግዛት ያገለግል ነበር። በአማርኛ ቃሉ ብዙ ሥራ አለው፤ ምድር ቤት፣ ምድር ባቡር፣ ምድረ በዳ እንላለን።

የአካባቢ ስም ሲሆን ግን የቃላቱን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል። በግዕዝ ሰዋስው ምድር ይቀድማል፣ መጨረሻውም ወደ «ረ» ይለወጣል፦ ምድረ ግብፅ፣ ምድረ ከብድ። በመንዝ ግን ባለቤቱ ቀድሞ ምድር ይከተላል። አገው ምድርና በጌምድርም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ቃሉ የግዕዝ ቢሆንም «ጌራ ምድር» የሚለው አሰያየም የግዕዝን ሥርዓት የተከተለ አይደለም።

በመንዝ

መንዝ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። በልማድ ወሰኖቹ በደቡብ ሞፈር፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ ወንዞች ሲሆኑ በምሥራቅ የተራራ ሰንሰለት ይዘጋዋል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉ ሦስት አባቶች አገሩን ይዘው ተካፈሉት፤ እያንዳንዱም ድርሻ በያዘው አባት ስም ተጠራ።

ይህ ተረት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በሸዋ ደጋ የነበረው የርስት ሥርዓት መሬትን የሚያወርሰው ከአቅኚ አባት በሚቆጠር ትውልድ ነበር። አንድ ሰው በእናቱም በአባቱም በኩል ቆጥሮ ከመጀመሪያው ባለመሬት መወለዱን ካስረዳ ድርሻ መጠየቅ ይችላል፤ በመሬት ክርክርም ዋናው ማስረጃ ይኸው የዘር ቆጠራ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «ጌራ ምድር» ማለት አቅጣጫ መጠቆም ብቻ ሳይሆን መሬቱ ከማን እንደሚቆጠር መናገርም ነበር። «ወረዳ» የሚለው ቃል እንዲህ ያለ ትርጉም የለውም፤ የሚናገረው አካባቢው በማን ሥር እንደሚተዳደር ነው።

አውራጃና ወረዳ

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፈለ። በሸዋ ጠቅላይ ግዛት መንዝ ከግሼ ጋር ተጣምሮ «መንዝና ግሼ አውራጃ» ሲባል መርሐ ቤቴ ለብቻው አውራጃ ሆነ። አውራጃና ወረዳ በቅርጻቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ወ-ረ-ደ የሚለውን ሥር ይጋራሉ። «ወለደ» ወላጅ፣ «ወሰደ» ወሳጅ እንደሚል ሁሉ በ«አውራጃ» ውስጥም ደ ወደ ጀ ተለውጧል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት መብት ቀረ። ከጌራ ወይም ከላሎ መወለድም መሬት ማስገኘቱን አቆመ። አውራጃ ደግሞ በ1984 ዓ.ም. በሽግግሩ ዘመን ከተዘረጋው የክልልና የወረዳ አደረጃጀት ውጭ ሆነ። በክልልና በወረዳ መካከል ዞን ገባ፤ ይህም በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል የመጣ፣ ሥሩ በግሪክኛ መታጠቂያ ማለት የሆነ ቃል ነው። ምድር የሚለው ቃል ግን ያቆመው የርስት መብት ከተሻረ በኋላም በወረዳ ስም ውስጥ ቆይቷል።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ «ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል» አንድ ወረዳ፣ «ማማ ምድርና ላሎ ምድር» ሌላ ወረዳ ነበሩ። በኋላ ተከፍለው አራት ሆኑ፦ መንዝ ጌራ ምድር (ዋና ከተማው መሐል ሜዳ)፣ መንዝ ማማ ምድር (ሞላሌ)፣ መንዝ ላሎ ምድር (ወገሬ) እና መንዝ ቀያ ገብርኤል (ዘመሮ)። «መንዝ ጌራ ምድር ወረዳ» ሲባል እንግዲህ የአንድ ትልቅ አገር ስም፣ የአንድ አባት ስምና ሁለት የአካባቢ ቃላት በአንድ ላይ ተደርድረዋል።

ግሼ ዛሬ ግሼ ራቤል በሚባለው ወረዳ ስም ውስጥ ይገኛል። በደቡብ ወሎ አምባሰል ካለው ግሸን ደብረ ከርቤ ጋር መምታታት የለበትም። ግሼም ሆነ መርሐ ቤቴ በወረዳ ስማቸው ላይ ምድር የሚል ቃል የላቸውም።

አጻጻፍ

ስሞቹ አንዳንዴ ተጣብቀው (ጌራምድር)፣ አንዳንዴ ተለያይተው (ጌራ ምድር)፣ አንዳንዴም «ገራ» ተብለው ይጻፋሉ። ለአንባቢ ልዩነቱ ቀላል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት የቆጠራ ሰንጠረዥንና ካርታን የሚያመሳክር ሰው ሦስቱንም አጻጻፎች፣ ከፊታቸውም «መንዝ» ያለበትንና የሌለበትን መፈለግ ይኖርበታል።