ስሙ የገነነው ሽጉጥ



ባለፈው አርብ እራት ላይ ቤታችን ክርክር ተነሣ። የእህቴ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ጻባ ይገባል። ድንገት «አጎቴ፣ ደዘርት ኢግል ይሰጡን ይሆን? የኛው የእስራኤል ሽጉጥ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ታላቅ ወንድሙ ሚሉኢም የሚመላለስ ልጅ ነው፤ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔ ግን አልሳቅሁም። በሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም እንደዚያው ነበር የማምነው።

እሺ፣ ግማሹ እውነት ነው። ሐሳቡ የተጸነሰው ግን አሜሪካ ነው፣ ሚኒሶታ ውስጥ። በ1979 የተቋቋመው ማግነም ሪሰርች የሪቮልቨርን ኃይለኛ ጥይት ራሱ እያቀባበለ የሚተኩስ ሽጉጥ ለመሥራት ተነሣ። አብስሎ ለገበያ ያደረሰው የእኛው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ታዓስ ነው። ገዢው ታዲያ ማን ነበር? በብዛት የአሜሪካ አዳኝና ዒላማ ተኳሽ። የጻሃል መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ አያውቅም።

ለምን? አብዛኛው የጦር ሽጉጥ ሲተኮስ፣ የላይኛው ብረት በጥይቱ ግፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ሌላ ይጎርሳል። በቃ። የማግነም ጥይት ግን ለዚህ ቀላል አሠራር ጉልበቱ በዛ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የጠመንጃን ዘዴ ወሰዱ፦ ጥይቱ ከሚያልፍበት ቱቦ ጥቂት ጋዝ በቀዳዳ ወጥቶ ፒስተን ይገፋል፤ መዝጊያው እንደ ኤም 16 ዞሮ ይከፈታል። ግሩም ሥራ ነው፣ ልንክደው አይገባም። ነገር ግን ያ ቀዳዳ ልባስ በሌለው የእርሳስ ጥይት ይደፈናል፤ እጁን ላላ አድርጎ የሚይዘውም ሰው ላይ ይነክሳል። የ.50ው ዓይነት ባዶውን 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ካዝናው የሚይዘው 7 ጥይት ብቻ ነው። የኦስትሪያ ጦር በ1982 የተቀበለው ግሎክ 17 ባዶውን 700 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ጥይቱ ግን 17 ነው። የግሎክ መሥራች ደግሞ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም፤ የመጋረጃ ዘንግ ይሠራ ነበር!

ታዲያ ዝናው ከየት መጣ? ከፊልም ነዋ። በ1985 «ኮማንዶ» ላይ፣ በ1999 «ማትሪክስ» ላይ ታየ፤ ከዚያ ካውንተር ስትራይክ ተጨመረበት። እዚያ ጨዋታ ውስጥ ክብደቱ ክንድ አያዝልም።

ታላቅየው ግን አልተስማማም። «ከስሙ በታች ነው የምንለው ለወታደር ከሆነ ነው፤ ለአዳኝ ምን ጎደለው?» አለ። ልክ ነው። እኔም የምወቅሰው ሽጉጡን ሳይሆን ስሙን ነው።

ከስም ጋር ከተነሣ፣ የጀርመኑ ሉገርም አለ። ጦሩ በ1908 ተቀበለው። መዝጊያው እንደ ጉልበት ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሲያዩት ያምራል፣ እጅ ላይም ደስ ይላል። ክፍሎቹ ግን በጥንቃቄ መገጣጠም ስላለባቸው ሥራው አድካሚ፣ ዋጋውም ውድ ነበር፤ ጀርመኖች ራሳቸው በ1938 በዋልተር ፒ 38 ሊተኩት ወሰኑ። በጦርነቱ የማረኩት የአሜሪካ ወታደሮች ግን እንደ ዋንጫ ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ጌኦርግ ሉገር ለዚያ ሽጉጥ ያወጣው 9 ሚሊሜትር ጥይት እስከ ዛሬ አለ። ግሎክም የሚተኩሰው እሱን ነው፣ የእኛው ኡዚም እሱን ነው። ሽጉጡ ሙዚየም ገባ፤ ጥይቱ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስናወራ ትንሹ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ «ታዲያ እኔ ምንድን ነው የሚሰጡኝ?» አለ።

ወንድሙ ዳቦውን እየቆረሰ «ተዋጊ ክፍል ከገባህ ጠመንጃ ነዋ! ለሻባት ቤት ስትመጣም አንግተኸው ነው የምትመጣው፤ አውቶቡስ ላይ ተኝተህ እንኳ ካንተ አይለይም» አለው።