«መሬት ለአራሹ»ን ወደ አደባባይ ያወጣው የተማሪዎች ማኅበር

«መሬት ለአራሹ» የሚለውን መፈክር አንግበው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰልፍ የወጡት ጭሰኞች ሳይሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ጊዜው የካቲት 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፓርላማው የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት በሚመለከት ሕግ ላይ ይወያይ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ የመሬት ይዞታ በአዋጅ ተለወጠ።

የማኅበሩ አመሠራረት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያም የኢንጂነሪንግ፣ የሕንፃ ሥራና የዓለማያ እርሻ ኮሌጆች ተከተሉ። በ1954 ዓ.ም. እነዚህ ኮሌጆች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተማሪዎች መሰባሰቢያ ክርክር፣ ስፖርትና በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን የሚቀርበው የግጥም ውድድር ነበር። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የትምህርት ዕድል የመጡ የሌሎች አፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ስለ ነጻነት ትግል የሚያወጉት ወሬ የኢትዮጵያውያኑን አስተሳሰብ አነቃቃ። በየኮሌጁ ተበታትነው የነበሩት ማኅበራት በ1950ዎቹ መጨረሻ በአንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ተጠቃለሉ። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚማሩ ኢትዮጵያውያንም የየራሳቸው ማኅበራት ነበሯቸው።

የወላይታው ምሳሌ

የመሬት ጥያቄ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል የከበደ ነበር። ጭሰኛው እንደ ስምምነቱ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር፤ ባለመሬቱ ሲሻም ያፈናቅለው ነበር። ትምህርቱን በአሜሪካ ተከታትሎ የተመለሰው ገርማሜ ንዋይ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ ሲሾም ለመሬት አልባዎች ባዶ መሬት አከፋፈለ። ባለመሬቶች ስሞታ በማቅረባቸው ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ቢከሽፍም ያነሣው ጥያቄ በተማሪዎች ልብ ቀረ።

የተከፈለው ዋጋ

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ አስከሬኑን ለመሸኘት ስድስት ኪሎ በተሰበሰቡት ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው ተማሪዎች ሞቱ። የጭሰኞች ሕግ ግን ዘውዳዊው ሥርዓት እስኪወድቅ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ።

ከአዋጁ ወዲህ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውን መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥና ማከራየትን ከለከለ። ዘማቾቹም ገበሬው በ800 ሄክታር አካባቢ የገበሬ ማኅበር እንዲያቋቁም አገዙት። ነገር ግን ወታደራዊው መንግሥት ራሱን የቻለ የተማሪ ማኅበር አልታገሠም፤ ከማኅበሩ ትውልድ ብዙዎቹ በቀይ ሽብር ዘመን ተገደሉ፣ ታሰሩ ወይም ተሰደዱ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥም ደንግጓል። አርሶ አደሩ በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። ዛሬ አርሶ አደሩ በእጁ የሚይዘው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሥሩ ወደዚያ የየካቲት ሰልፍ ይዘልቃል።